የምንወዳትን ተዋናይት በሥራዋ መዘከር፦ የመታሰቢያ የፊልም ምሽት አሠራር

ተወዳጅ የፊልም ተዋናይት ስታርፍ ለጥቂት ቀናት ፎቶዋ በየገጹ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ሥራዋን በወጉ ማየት የሚፈልግ ሰው ስንት ፊልም እንደሠራች፣ ፊልሞቹ የት እንደሚገኙና ከየትኛው መጀመር እንዳለበት የሚነግረው ያጣል። ይህ መመሪያ የሁለት ሰዓት ተኩል የመታሰቢያ ምሽት እንዴት እንደሚሰናዳ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ከ8 እስከ 10 ሳምንት ጊዜና ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ዝርዝሩንና ጽሑፉን፣ ሁለተኛው ፈቃዱንና ግንኙነቱን፣ ሦስተኛው ቅጂውንና ቴክኒኩን ይይዛል።

የምሽቱ ጉዳይ ትወናዋ ነው። ሐዘኑ ሳይጠራ ይመጣል፤ ትወናዋ ግን ካልተዘጋጀለት አይታይም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው።

1. ቤተሰቡን አስቀድሙ

ቀን ሳትቆርጡ፣ አዳራሽ ሳትይዙ፣ ማስታወቂያ ሳትለጥፉ የቅርብ ቤተሰቧን አነጋግሩ። በአካል ወይም በስልክ ይሁን፤ በማኅበራዊ ገጽ የተላከ መልእክት ከሐዘን መግለጫው ብዛት የተነሳ ሳይታይ ይቀራል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ተጠሪ እንዲሆን ጠይቁ። ሦስት ዘመድ ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ተጠሪውን የምትጠይቁት፦ በየትኛው ስሟ ትጠራ? የትኛው ፎቶ አይታይ? ስለ ሕመሟና ስለ አሟሟቷ ምን ይባል፣ ምንስ ይተው? ከቤተሰቡ የሚናገር ይኖራል? ምሽቱ ይቀረጽ ወይ? መልሱን ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩላቸው፤ በሐዘን ወቅት የተነገረ ነገር ከሁለቱም ወገን ይረሳል።

«ትንሽ ቆዩ» ከተባላችሁ ቆዩ። ጃፓናዊቷ ሴትሱኮ ሃራ ያረፈችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 2015 ሲሆን ሕዝብ የሰማው ግን በኖቬምበር መጨረሻ ነው። ከካሜራ ፊት ከራቀች አሥርት ዓመታት ያለፏት ሰው ነበረች። ዜናው ዘግይቶ በመሰማቱ ለፊልሞቿ የተሰጠው ክብር አልቀነሰም።

2. የሥራ ዝርዝሯን ከፊልሞቹ አውጡ

በይነመረብ ላይ ያገኛችሁትን ዝርዝር እንደ መነሻ ያዙት እንጂ አትመኑት። ሰባት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ክፈቱ፦ የፊልሙ ርዕስ፣ የተቀረጸበት ዓመት፣ ለእይታ የበቃበት ዓመት፣ ዳይሬክተር፣ የተጫወተችው ገጸ ባሕርይ፣ ቅጂው ያለበት ቦታ፣ መረጃው የተገኘበት ምንጭ። ሰባተኛውን ዓምድ ባዶ የተዋችሁበት መስመር ለሕዝብ በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ አይግባ።

ከሁሉ የሚታመነው ምንጭ ፊልሙ ራሱ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የባለሙያዎች ስም እያቆማችሁ አንብቡ፤ ስሟ የተጻፈበትን ሁሉንም ዓይነት አጻጻፍ መዝግቡ። በመጀመሪያ ሥራዎቿ የአባቷ ስም ተለውጦ፣ ፊደል ተዛንፎ ወይም በመድረክ ስም ብቻ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋችሁን በእያንዳንዱ አጻጻፍ ድገሙት። ቀጥሎ የፊልሙ ፖስተርና በወቅቱ የወጣው ጋዜጣ ይመጣል። የሰው ትዝታ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጠቃሚ ነው፣ ዓመት ላይ ግን ያሳስታል።

ስህተት የሚበዛባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

የልደት ቀን። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ካትሪን ሄፕበርን የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1907 ነው፤ እሷ ግን ለብዙ ዓመታት የምትናገረው ኖቬምበር 8 ነበር፤ ቀኑ በልጅነቷ የሞተው የወንድሟ ልደት ነው። ራሷ ተዋናይቷ የተናገረችው እንኳ እንዲህ ሊሆን ስለሚችል የልደት ቀኗን ከቤተሰብ ተጠሪው ጋር አረጋግጡ። ካልተረጋገጠ ዓመቱን ብቻ ጻፉ፤ እሱም ካጠራጠረ የመጀመሪያ ፊልሟ በወጣበት ዓመት ጀምሩ።

ድምፅ። ዘፈን ያለበት ፊልም ላይ የምትዘፍነው እሷ መሆኗን አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «ማይ ፌር ሌዲ» ኦድሪ ሄፕበርን ከተወነችባቸው ዘፈኖች አብዛኛውን የዘፈነችው ዘፋኟ ማርኒ ኒክሰን ናት። «በውብ ድምጿ» ብሎ የሌላ ሰው ዘፈን ማሳየት ሁለቱንም ይበድላል። ንግግሯ በሌላ ሰው የተተካበት ፊልምም ካለ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጉበት።

የመጨረሻው ፊልም። መጨረሻ የታየው መጨረሻ የተቀረጸው ላይሆን ይችላል። ሕንዳዊቷ ስሚታ ፓቲል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1986 ካረፈች በኋላ ለእይታ የበቁ በርካታ ፊልሞች አሏት። የሁለቱ ዓመታት ዓምድ ለየብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

3. ምን ይታይ?

አንድ ሙሉ ፊልምና ስድስት ቅንጫቢ ትዕይንቶች ይበቃሉ። ብዙ አዘጋጆች ሙዚቃ ከበስተጀርባ አድርገው ከሠላሳ ፊልም ሠላሳ ፈገግታ ይሰበስባሉ። እኛ ይህን አንመክርም። ሁለት ሰከንድ የቆየ ፊት ማንነቷን ያስታውስ ይሆናል፤ ምን እንደምትችል ግን አይናገርም። ተመልካቹ ትወናዋን የሚያየው አንድ ትዕይንት ሳይቆረጥ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲሄድለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅንጫቢ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይሁን፤ ስድስቱ በአንድ ላይ ከ22 ደቂቃ አካባቢ አይበልጡ።

ስድስቱን ስትመርጡ በዚህ ተመሩ፦ አንዱ ከመጀመሪያ ሥራዎቿ፣ ገና እየፈለገች ሳለ። አንዱ ሕዝብ በቃሉ የያዘው፤ እሱን ብትተዉት ተመልካቹ ሌላውን ሁሉ እያየ እሱን ይጠብቃል። አንዱ አስቂኝ። አንዱ አጭር ድርሻ፣ ምናልባት በመላው ፊልም አምስት ደቂቃ ብቻ የታየችበት። አንዱ ከኋለኛው ዘመኗ። ስድስተኛው ደግሞ ሌላው ተዋናይ ሲናገር እሷ የምታዳምጥበት ይሁን። በዚህኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። መናገሩን ብዙ ተዋናይ ይችለዋል፤ ዝም ብሎ ማዳመጡን በፊት ላይ ማኖር ግን የጥቂቶች ነው፤ ጥሩ ተዋናይት እዚያ ላይ ትለያለች። እንዲህ ያለውን ትዕይንት ለማግኘት ድምፁን ዘግታችሁ ፊልሙን እዩት፤ ዓይናችሁ ከተናጋሪው ሸሽቶ ወደ እሷ የሚሄድበትን ደቂቃ መዝግቡ።

መቁረጫው ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያ ቃሏ ላይ አትጀምሩ። አፏን ከመክፈቷ በፊት ትንፋሽ ትስባለች፣ ዓይኗ ከወለሉ ይነሳል፣ አንዳንዴ እጇ ይቆማል፤ ውሳኔው ያለው እዚያ ነው። ከመጀመሪያ ቃሏ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰከንድ፣ ከመጨረሻ ቃሏ በኋላ ሦስት ሰከንድ ተዉ። ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ ሾት ከቀየረ ግን ወደዚያ አትሻገሩ።

ገጸ ባሕርይዋ የምትሞትበትን ወይም የምትቀበርበትን ትዕይንት ተዉት። ቤተሰቧ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ያንን ማየት የለበትም፤ አዳራሹም ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አይችልም። ሙሉ ፊልሙንም ስትመርጡ ይህንኑ አስቡ።

4. ቅጂ ፍለጋ

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ፕሮዲውሰሩ፣ አከፋፋዩ፣ የፊልም ቤተ መዛግብት፣ ፊልሙን ያሰራጨ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ዳይሬክተሩ፣ ኤዲተሩ። ዲጂታል በሆነው ዘመን ለተሠሩ ፊልሞች ኤዲተሩን ቶሎ አግኙት፤ ጥራት ያለው የመጨረሻ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ዘንድ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲነሳ የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉትና ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውን ፋይል ያጠፋል።

ፋይል ስትቀበሉ በመልእክት መተግበሪያ እንደ ቪዲዮ አይላክላችሁ፤ መተግበሪያው ጨምቆ ያበላሸዋል። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ተያይዞ ይላክ፤ ከሁሉ የሚሻለው በዲስክ መቅዳት ነው።

የሴሉሎይድ ፊልም ካገኛችሁ መጀመሪያ አሽትቱት። የኮምጣጤ ሽታ ካለው የአሲቴት መሠረቱ (ምስሉ ያረፈበት ፕላስቲክ) መበስበስ ጀምሯል፤ ሽታውም አሴቲክ አሲድ ነው። ወደ ሌሎች ጥቅልሎች እንዳይዛመት ለብቻው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ፕሮጀክተር ላይ አታስገቡት፤ ተኮማትሮ ከሆነ ጥርሶቹ ይቀዱታል። እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ የተሠራ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ደግሞ ናይትሬት ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉ የሚቀጣጠልና አንዴ ከተያያዘ በውሃ የማይጠፋ ነገር ነው። እሱን ራሳችሁ አትንኩት፤ ለቤተ መዛግብት ባለሙያ ደውሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ጀርዚ የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን በናይትሬት ቃጠሎ ሲወድም የድምፅ አልባው ዘመን ተዋናይት የቴዳ ባራ ፊልሞች አብዛኞቹ አብረው ጠፍተዋል። ወደ አርባ ገደማ ፊልም ከሠራችው ከእሷ ዛሬ ሙሉ ሆነው የሚታዩት ጥቂቶች ናቸው።

ጥቅልሎቹ ሙሉ መሆናቸውን በስሌት ማወቅ ይቻላል። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ በደቂቃ 27.4 ሜትር ይፈጃል፤ 610 ሜትር የሚይዝ ጥቅል ወደ 22 ደቂቃ ነው። የ100 ደቂቃ ፊልም ነው ተብሎ የተሰጣችሁ አራት ጥቅል ብቻ ከሆነ አንዱ ጎድሏል።

የቪኤችኤስ ወይም የቤታካም ካሴት ከሆነ የመጀመሪያው ማጫወት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል ብላችሁ ተነሱ። የማጫወቻውን ራስ አጽዱ፣ ካሴቱ በክፍሉ ሙቀት አንድ ቀን ይደር፣ መቅጃው ከመነሻው ክፍት ይሁን። «መጀመሪያ እንየው፣ ከዚያ እንቀዳዋለን» ማለት ብዙ ካሴት አጥፍቷል።

አሁን ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ፊልም ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት በሚጠቀሙ አገሮች ለቴሌቪዥን ሲተላለፍ 25 ፍሬም ይደረጋል። የ100 ደቂቃው ፊልም 96 ደቂቃ ይሆናል፤ ድምፅዋም በግማሽ ቶን ገደማ ይቀጥናል። የሚያውቋት ሰዎች «ድምፅዋ እንዲህ አልነበረም» የሚሉት ለዚህ ነው። የፊልሙን የመጀመሪያ ርዝመት ከፖስተር ወይም ከጋዜጣ አግኙና ከቅጂው ጋር አወዳድሩት፤ የ4 በመቶ ልዩነት ካገኛችሁ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ምስሉንና ድምፁን አብራችሁ ወደ 96 በመቶ ፍጥነት አውርዱ። ድምፁን ለብቻ አታስተካክሉ፤ ከከንፈሯ ይለያያል።

ድምፅ አልባ ፊልም ከሆነም ፍጥነቱን እዩ። ብዙዎቹ ከ16 እስከ 20 ፍሬም ስለተቀረጹ በ24 ሲታዩ ሰው ሁሉ የሚሮጥ ይመስላል፤ የተወነችው ሐዘንም ወደ ሳቅ ይለወጣል።

5. ፈቃድ

ዲስክ መግዛት ወይም ለማሰራጫ ድረ ገጽ ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ለሕዝብ የማሳየት መብት አይሰጥም። የቤተሰቡ ይሁንታም ይህን አይተካም፤ የፊልሙ መብት በአብዛኛው የፕሮዲውሰሩ ወይም የአከፋፋዩ ነው፣ የተዋናይቷ አይደለም። የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል የሆነው የበርን ስምምነት ለፊልም ያስቀመጠው ዝቅተኛ የጥበቃ ዘመን ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ አንሥቶ 50 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች ከዚያ ያረዝሙታል። ስለዚህ «ፊልሙ አሮጌ ነው» ማለት ለብቻው ነጻ አያወጣም።

ጥያቄውን ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩ። በውስጡ የፊልሙ ርዕስ፣ የሚታየው ርዝመት፣ ቀኑና ቦታው፣ የመቀመጫ ብዛት፣ መግቢያው በነጻ ወይስ በክፍያ መሆኑ፣ ምሽቱ የሚቀረጽ ወይም በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነ እሱም ይጠቀስ። የመጨረሻውን መርሳት ጣጣ ያመጣል፤ ለአዳራሽ የተፈቀደ ትዕይንት በቀጥታ ስርጭት ሲወጣ የማሰራጫ ገጹ የቅጂ መብት አውቶማቲክ መለያ ስርጭቱን መሃል ላይ ሊያቋርጠው ይችላል። በቀጥታ የምታስተላልፉ ከሆነ ንግግሮቹን ብቻ አስተላልፉ።

6. ፎቶግራፎች

የወረቀት ፎቶን በስልክ ከማንሳት ስካን አድርጉ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ሲወሰድ 2362 በ3543 ፒክሰል ይወጣዋል፤ ይህ ለኤ4 ጥሩ ኅትመት ይበቃል። ኤ3 ለማተም ከፈለጋችሁ 1200 ዲፒአይ አድርጉት። የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ከ3000 እስከ 4000 ዲፒአይ ይፈልጋል። የምታስቀምጡትን በቲፍ፣ የምትልኩትን በጄፔግ ያዙ።

የፎቶውን ጀርባም ስካን አድርጉ። የፎቶ አንሺው ማኅተም፣ የተነሳበት ቀን፣ አንዳንዴም የራሷ እጅ ጽሑፍ እዚያ አለ፤ የፈቃዱም ባለቤት የሚታወቀው ከዚያ ነው። ከጀርባው ላይ ምልክት ማድረግ ግድ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ከቤተሰብ የተዋሳችሁትን ፎቶ ቆጥራችሁ ተረከቡ፣ ቆጥራችሁ መልሱ፣ በመሃል ፈርሙ።

ፊትን በራሱ የሚያለሰልስና ቀለም የሚቀባ ፕሮግራም አትጠቀሙ። አቧራና ጭረት ማንሳት ይቻላል፤ ያልነበረ ቆዳና የዓይን ቀለም መፍጠር ግን የሌላ ሴት ፎቶ መሥራት ነው።

7. ቅንጫቢዎቹን ማሰናዳት

ሁሉንም በ1920 በ1080 ገጽ ላይ አስቀምጡ። 4 በ3 የሆነውን አሮጌ ምስል ስክሪኑን ይሙላ ብላችሁ አትለጥጡት፤ ፊቷ ይሰፋል። ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን። የድምፅ መጠኑን በጆሮ ብቻ አታስተካክሉ፤ ስድስቱንም ወደ −23 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) አምጡ፣ አለዚያ ከአሮጌው ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ ፊልም አዳራሹን ያስደነግጣል። በየመሃሉ ጥቁር ገጽ አስገቡ። ርዕሱ፣ ዓመቱና የዳይሬክተሩ ስም ጥቁሩ ላይ ለአራት ሰከንድ ታይቶ ይጥፋ፤ በፊቷ ላይ ምንም ጽሑፍ አይረፍ። ትርጉም የሚያስፈልገው ካለ የግርጌ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አብራችሁ አውጡት፤ ለብቻው የተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ሲያልቅ ኤች 264 በተባለው የቪዲዮ ቅርጸት፣ በሰከንድ 20 ሜጋቢት አውጡት።

8. ተናጋሪዎች

ሦስት ሰው፣ እያንዳንዱ አራት ደቂቃ። ሦስቱም ተዋናዮች አይሁኑ። የሜካፕ ባለሙያዋ ከቀረጻ በፊት እንዴት ትዘጋጅ እንደነበር ታውቃለች፤ የድምፅ ባለሙያው ሹክሹክታዋን እንዴት እንደምትለካ ሰምቷል፤ የልብስ ባለሙያዋ የትኛውን ጫማ ለገጸ ባሕርይዋ አካሄድ እንደመረጠች ታስታውሳለች። አስቀድማችሁ ደውሉና ጥያቄውን ጠበብ አድርጉ፦ «ይህ ትዕይንት ስንት ጊዜ ተደጋግሞ ተቀረጸ? በመሃል ምን ለወጠች?» «ስለ እሷ ንገሩን» ብላችሁ ከጋበዛችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙገሳ ትሰማላችሁ። ተናጋሪው የሚያወሳው ትዕይንት ከስድስቱ አንዱ ቢሆን መልካም ነው፤ ንግግሩን ከትዕይንቱ በኋላ አድርጉት።

መምጣት የማይችሉትን አስቀድማችሁ በድምፅ ቅረጹ፤ ማይክሮፎኑ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ማቀዝቀዣና የአየር ማራገቢያ ይጥፋ። አረጋውያንን ግን ለምሽቱም ባይሆን ዛሬውኑ ቅረጹ።

9. አዳራሹ

ከምሽቱ አንድ ቀን በፊት ሁሉንም ፋይል በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ፕሮጀክተር፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው አሳዩ። ለ3 ሜትር ስፋት ስክሪን፣ መብራት በጠፋበት ክፍል 3000 ሉመን ይበቃል፤ መጋረጃው ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ 5000 ፈልጉ።

በልምምድ የሚጋለጡ ሦስት ችግሮች አሉ። ሙዚቃው እየተሰማ ንግግሯ ከጠፋ ፋይሉ የ5.1 (ስድስት ቻናል ያለው) ድምፅ ነው፤ ንግግር የሚቀመጠው በመሃለኛው ቻናል ስለሆነ ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ባለበት አዳራሽ ይሰወራል። ወደ ስቴሪዮ ቀይራችሁ እንደገና አውጡት። ድምፁ ከከንፈሯ ወደ ኋላ ከቀረ ብሉቱዝ ተጠቅማችኋል፤ በገመድ አገናኙ። ምስሉ ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ረዝሟል፤ ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን ኮምፒውተሩን ወደ ፕሮጀክተሩ አቅርቡት ወይም የኦፕቲክ ገመድ ተጠቀሙ።

የኮምፒውተሩን የእንቅልፍ ሁነታ፣ ማሳወቂያዎቹንና በይነመረቡን አጥፉ። ሁለተኛ ኮምፒውተር ያው ፋይል ተጭኖበት፣ ተከፍቶ አጠገቡ ይቀመጥ።

10. የምሽቱ ቅደም ተከተል

መክፈቻ 5 ደቂቃ፦ ስሟ፣ ዘመኗ፣ የሠራቻቸው ፊልሞች ብዛት፤ የሕይወት ታሪኳ በመግቢያ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይሰጥ እንጂ አይነበብ። ቅንጫቢዎቹና ሦስቱ ንግግሮች እየተፈራረቁ 35 ደቂቃ። ዕረፍት 10 ደቂቃ። ሙሉ ፊልሙ እስከ 100 ደቂቃ። ፊልሙ ሲያልቅ የባለሙያዎቹ ስም እስከ መጨረሻው መስመር ይለፍ፣ ከዚያ በፊት መብራት አይበራ። ይህን ለመብራት ሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ የሙዚቃው መነሻ ላይ ያበራዋል።

11. በሳምንቱ ውስጥ

የተሰበሰበው ሁሉ፣ ሠንጠረዡ፣ ስካኖቹ፣ የተቀረጹት ድምፆች፣ የፈቃድ ደብዳቤዎቹ፣ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንደኛው ቅጂ በሌላ ሕንፃ። የፋይሎቹን ስም በዓመት ጀምሩ፣ ቀጥሎ የፊልሙ ርዕስ፣ ቀጥሎ ይዘቱ፤ «የመጨረሻ» እና «አዲስ የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ከዓመት በኋላ ማንንም አያግዙም። አንዱን ሙሉ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለፊልም ቤተ መዛግብት ስጡ፤ በፈቃድ ደብዳቤው ላይ ከምሽቱ በኋላ ይደምሰስ የተባለ የፊልም ፋይል ካለ ግን አስቀድማችሁ ደምስሱት። በይነመረብ ላይ ባሉት የፊልም መዝገቦች ያገኛችኋቸውን ስህተቶች ከሠንጠረዡ ሰባተኛ ዓምድ ምንጩን እየጠቀሳችሁ አርሙ፤ ያልተመዘገቡትን አጫጭር ድርሻዎቿንም በዚያው ጨምሩ።